ምስጥ ያልነካው ላስቲክ

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ኧረ እኔ አልቀደድኩትም ጋሼ። ራሱ ነው የተቀደደው። «በጥንቃቄ ሳትይዢው ቀርተሽ ይሆናል» ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ሦስቴም ደሜ ፈላ። እርስዎ ክፍል ውስጥ ብልቃጥ የሰበርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ከኋላ ተገፍቼ። ትምህርት አቋረጥኩ እንጂ እጄ አልተቆረጠም።

ሰላምታ ዘለልኩ። ይቅርታ። እንደምን ሰነበቱ፣ የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞዎታል፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህቴ ሰይዳ ሰላም ብላለች። «የኬሚስትሪ አስተማሪሽ ከተማ ገብቶም ካንቺ አልተገላገለም?» ትላለች። በቃ፣ ሰላምታው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ላስቲክዎ። ፀጋዬ በጭነት መኪናው ያመጣልኝን መቶ ከረጢት እኔና ሰይዳ አፈር ሞልተን ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ደረደርነው። ጠዋት ሲያዩት ያምራል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ወላሂ ድምፁ ይሰማል። ከሥራ ስንወጣ ስንቆጥር ዘጠና አንዱ ተሰንጥቋል። እርስዎ የሠሩት አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እዚህ ቆላ ነው። ሁለት ዓመት እዚሁ አስተምረው፣ ሸሚዝዎ ጀርባዎ ላይ እየተጣበቀ፣ እንዴት ይረሱታል?

ዘጠኙ ለምን ተረፉ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ግራሩ ሥር ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

«ለምን ትቆጫለሽ» ላሉት ደግሞ ልንገርዎ። ጓድ ገሠሠ፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ሰብስቦን የተናገረው እንዲህ ነው፦ የናይለኑ ከረጢት ዘንድሮ ከውጭ አይመጣም፤ ይሄ የበቆሎ ላስቲክ ችግኙን እስከ ሐምሌ ተከላ ካልያዘ ጣቢያው ይዘጋል። ጣቢያው ተዘጋ ማለት በሥራችን የሚሰፈርልን ስንዴና ዘይት ቀረ ማለት ነው። አርባ ሴቶች ነን። ሰይዳ ባሏ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል፣ እሷም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ታዲያ አልቆጣ?

አንድ ነገር ግን ይሳቁብኝ። ሼህ ሸሪፍ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው «ሰው እህል ባጣበት ዓመት እናንተ በቆሎውን ላስቲክ ታደርጉታላችሁ?» አሉ። ሴቶቹ በሙሉ አቀረቀሩ። እኔ ዝም ማለት የማውቅበት መሰለዎት? ካንዱ ከረጢት ቦጨቅ አድርጌ አኘክሁና ዋጥኩት። «ይኸው አባባ፣ እህል ነው፣ አልጠፋም» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ በመጣ ቁጥር «ፈሪሃ፣ ብይላቸው» ይሉኛል። ጨው እንደሌለው ሙቅ ነው የሚለው።

የተቆጣችው ተማሪዎ፣
ፈሪሃ አብዱልሃዲ


ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

እሺ፣ ሰማሁ። ከላቦራቶሪ የወጣ ነገር አፍ ውስጥ አይገባም። ሁለት ጊዜ አስምረውበታል፣ ወረቀቱ ሊበሳ ነበር። ግን ምን እንዳለበት የነገሩኝ ራስዎ ነዎት፤ የበቆሎ ስታርች፣ ውሃ፣ ግሊሰሪን። ግሊሰሪን ሰይዳ ከንፈሯን ትቀባዋለች። ቢሆንም ቃል ገብቻለሁ። እኔ አልበላም። ጎብኚ ሲመጣ ሆዴን አሞኛል እላለሁ።

ይቅርታ ዘገየሁ። ደብዳቤዎ ራሱ ነው የዘገየው። ደግሞ ተከፍቶ ተመልሶ ታሽጎ ነው የደረሰኝ፣ ያውም በሊጥ ሙጫ። ከእርስዎ ጋር ከዋልኩ ወዲህ የስታርችን ነገር ባይኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይቺንም በፖስታ አልልክም፣ ለፀጋዬ ነው የምሰጠው። ቤትዎን ስላወቀው በእጅዎ ያደርሳታል።

ሁለተኛው ዙር ለስለስ ብሏል፣ አይሰነጠቅም። ግሊሰሪኑን ጨምረውበታል ማለት ነው፣ ጣፈጥ ብሏል። (እንዴት አወቅሽ አይበሉኝ። ይሸታል።) ግን ሦስት ችግር አለበት። ጠዋት ጤዛ ሲነካው እርስ በርሱ ይጣበቃል። በዘጠነኛው ቀን ውሃ ስናጠጣው ታችኛው ቂጡ ይሟሟል፣ አፈሩ ዝርግፍ። ሦስተኛው ምስጥ ነው። ጋሼ፣ የይፋት ምስጥ ለእርስዎ ላስቲክ ሰርግ ነው የጠራው። ረቡዕ የደረደርነውን ቅዳሜ ስናነሳ ሥሩ ወንፊት ሆኗል።

እኔ ግን ዝም ብዬ አላየሁም። በቆሎ ፈጭቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ የዘቀጠውን ነጩን አፍልቼ ሁለት ቆርቆሮ ላይ አፈሰስኩት። አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ግራሩ ሥር። የፀሐዩ ተሰነጣጠቀ። የጥላው በሁለት ቀኑ ቀስ ብሎ ደረቀ፣ ብጠቀልለውም እሺ አለ። እናንተ እዚያ በምድጃ ነው አይደል የምታደርቁት? አትቸኩሉ ይበሏቸው። ከዚያ ካልዩ አምባ ገበያ ሰም አምጥቼ፣ አቅልጬ፣ በጨርቅ አሸሁበት። ውሃ ሞልቼ ግራሩ ላይ ሰቀልኩት። ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አላንጠባጠበም። ያልተማረ ሰው ሥራ ነው እንግዲህ።

የምስጡን ግን አልቻልኩም። እሱን እርስዎ ይወቁበት።

ስለ ሰይዳ ላሉት፣ ደህና ናት። አምሮቱ ብቻ አስቸግሯታል። ማታ ማታ የግድግዳውን ጭቃ እየፈቀፈቀች ትልሳለች። ጥግ ጥጉ ተቆፍሮ አልቋል፣ ክረምት ሲመጣ ቤቱ ባፉ ይደፋብናል እላታለሁ።

እንዲመለስ ያሉትን የላስቲክ ቁርጥራጭ በጆንያ ልኬያለሁ። ትንሽ ያንሳል ብለው እንዳይቆጡ።

ፈሪሃ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተማሪዬ ለፈሪሃ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የአንቺን ደብዳቤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀባብለን አነበብነው። ስለ ጥላው የጻፍሽው ትክክል ነው። በሙቀት ስናቻኩለው የላዩ ቀድሞ እየደረቀ ይሰነጠቃል። አሁን በጥላ ቤት ሁለት ቀን እናሳድረዋለን። ሰሙንም ሞክረነው ይዟል። አለቃዬ ለበላይ ባቀረቡት ሪፖርት ላይ የአንቺ ስም እንዲገባ ጠይቄ ነበር። የእኔም አልገባም።

ሦስተኛው ዙር፣ አራት ሺህ ከረጢት፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ለምስጡ መላ ተገኝቷል። ዝርዝሩን በደብዳቤ ልጽፈው አልችልም፣ ለምን እንደማልችል ደግሞ ራስሽ ስለ ማሸጊያው ጽፈሽልኛል። ስመጣ በቃሌ እነግርሻለሁ።

ሁለት ነገር አደራ። ከሥራ በኋላ ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚህ ዙር የሚተርፈውን ቁርጥራጭ አንድ ሳይቀር በጆንያ መልሺልኝ። ባለፈው ሦስት ኪሎ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ የደረሰኝ ሁለት እንኳ አይሞላም። የቀረው የት ገባ? እውነቱን ጻፊልኝ።

አትቅመሺ። አንቺን ነው የምለው።

ደምመላሽ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ነፋስ ወሰደው። ቁርጥራጩን ማለቴ ነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፣ ያውቁታል፣ ያስተማሩበትን ጠመኔ ሳይቀር ይወስድ አልነበር? ደግሞ አልቀመስኩም። ቃሌ ቃል ነው። «ሌላ ሰውስ?» ብለው በፀጋዬ አፍ የላኩብኝንም ሰምቻለሁ። ማን ይበላዋል? ያንን ያህል አልወረድንም።

እንደምን ሰነበቱ። ደስ ብሎኝ ነው ሰላምታውን ያስቀደምኩት ልል ነበር፣ ግን አላስቀደምኩትም።

ጋሼ፣ ያዘ። አራት ሺሁም ያዘ። አይሰነጠቅም፣ አይጣበቅም፣ ውሃ አያፈስም። ምስጥ ደግሞ አልነካውም። መጀመሪያ እንደ ልማዱ መጥቶ ነበር። በማግስቱ ሄደን ስናይ በየመደቡ ዙሪያ እንደ ክር ተሰልፎ ደርቋል። ሴቶቹ እልል አሉ። ጉንዳን እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው። እኔማ ኮራሁ፤ ያቺን መስመር እያየሁ ብዙ ቆምኩ። ምን አድርጋችሁበት ነው? አትንገሩኝ፣ እሺ። በእጅ ሲዳስሱት ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፣ እንደ ዱቄት።

ጓድ ገሠሠ ፎቶግራፍ አንሺ አስመጥቶ መሐላችን ቆሞ ተነሳ። ለክፍለ ሀገር ሪፖርት ልኳል። ሐምሌ ላይ ትልልቅ ሰዎች ተከላውን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሏል። ጣቢያው አይዘጋም። ስንዴው ይቀጥላል። ለቁርጥራጩ ግን አሁን መዝጋቢ ተቀምጦበታል። የመንግሥት ንብረት ነው፣ አንድ ጭብጥ የወሰደች ከስንዴው መዝገብ ትሰረዛለች ብሏል። ቁርጥራጭ ወስዶ ማን ምን ሊሆን።

የሼህ ሸሪፍ ፍየል አጥር ሰብራ ገብታ አምስት ከረጢት በላች። ትናንት ሞተች። እሳቸው እባብ ነው ይላሉ። ሳትታረድ ስለሞተች በክት ናት ብለው ወንዝ ዳር ጣሏት። ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ እንዳለች ናት። ጅብ አልነካትም። ገረመኝና ጻፍኩልዎ።

ሰይዳ ጭቃ መላሱን ተወች፣ አልሐምዱሊላህ። ግድግዳው ተረፈ።

ፈሪሃ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 17 ቀን 1977 ዓ.ም.

ፈሪሃ፣

ሰላምታውን በሌላ ጊዜ። ፍየሏ ስትሞት ምን ምን ምልክት አሳየች? ስንት ሰዓት ቆየች? ሼህ ሸሪፍን በደንብ ጠይቂያቸው።

ከጣቢያው ሠራተኞች አንድም ሰው፣ አንድም ቀን፣ ከዚህ ዙር አፉ ውስጥ አድርጎ ከሆነ በዚሁ በፀጋዬ ዛሬውኑ መልሺልኝ። ማንንም አልከስም። ያለውን ቁርጥራጭ ማንም በእጁ ሳይነካው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

ያ ብናኝ ሲጨመር ተቃውሜ ነበር። መቃወሜ በቂ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌላውን እዚህ ላይ ማስፈር አልችልም።

ደምመላሽ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለጓድ ደምመላሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በጥያቄዎ መሠረት የተጣራው ውጤት እንደሚከተለው ነው። ከጣቢያው ሠራተኞች የምርምሩን ውጤት የበላ ወይም የቀመሰ ማንም የለም። ፍየሏ የሞተችው በእባብ ተነድፋ ነው። ቁርጥራጩ በመዝገብ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ይገኛል።

ፈሪሃ አብዱልሃዲ


ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ጋሼ፣ ያንን ደብዳቤ እኔ አልጻፍኩትም። እጁ የእኔ ነው። ቃሉ የጓድ ገሠሠ ነው። ፀጋዬ የእርስዎን ሲያቀብለኝ ጓድ ገሠሠ በር ላይ ቆሞ ነበር። ተቀበለኝና ከፍቶ አነበበው። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ትከሻዬ ላይ ቆሞ አጻፈኝ። «ሐምሌ ላይ የሚመጡትን ሰዎች ባንዲት ፍየል ልታስቀሪብኝ?» አለኝ። እኔ፣ ለማንም አፌን የማልዘጋው፣ ጻፍኩለት። የፈራሁት እሱን አይደለም። ብናገር ሰይዳ ከመዝገብ ትሰረዛለች ብዬ ነው።

ነፋስ አልወሰደውም። ሰይዳ ናት የበላችው።

እኔ ነኝ ያስለመድኳት። ያን ቀን ለሼህ ሸሪፍ ስበላ አይታ «ስጪኝ እስቲ» አለችኝ፣ ሰጠኋት። አምሮቷን አወጣላት። ጭቃ ከምትልስ ይሄ እህል ነው፣ ይሻላታል ብዬ በየቀኑ ቁርጥራጭ በመቀነቴ ቋጥሬ ወደ ቤት እወስድላት ነበር። የመጀመሪያውን በላች፣ ምንም አልሆነችም። ሁለተኛውን በላች፣ ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም ጣፈጠኝ አለች። ሦስተኛውንም ያንኑ መስሎኝ ወሰድኩላት። እርስዎ «አትቅመሺ፣ አንቺን ነው የምለው» አሉኝ፤ እኔም አልቀመስኩም፣ እሷ ግን ቀመሰች። ቃሌን እንዴት አድርጌ እንደጠበቅሁ ይመልከቱልኝ።

ግንቦት 22 ላይ ቤት እንደገባሁ ያለውን ሁሉ ነጥቄ ቀበርኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ብትነኪው አልምርሽም» አልኳት። «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ራስሽ አይደለሽ ያመጣሽልኝ?» አለችና ሳቀች። ተወችው መስሎኝ ነበር። ለካ ከፍራሹ ሥር በፌስታል ሙሉ አስቀምጣ ኖሯል። ትናንት ስናነሳት ነው ያገኘሁት። ግማሽ ቀርቶታል።

መጀመሪያ ያስመልሳት ነበር፤ እርግዝና ነው አልን። ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ስኒ መያዝ አቃታት። ትናንት ጠዋት «ፈሪሃ፣ መስኮቱን ለምን ዘጋሽው?» አለችኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር ጋሼ። ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበረች።

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አስገባናት። ሲስተር አመለወርቅ የሚባሉ ነርስ ናቸው ያሉት፣ ከጎጃም የመጡ፣ ጥሩ ሰው ናቸው። የተረፈውን ላስቲክ አሳየኋቸው። አሸተቱት፣ ብናኙን በጣታቸው አሻሹ፣ ከዚያ እጃቸውን ሄደው ታጠቡ። «ዱቄቱ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ማርከሻውን በግምት አልሰጣትም። ለአንዱ መርዝ የሚያድነው ለሌላው ይገድላል» አሉኝ። ይገድላል ሲሉ ሁለቱንም ነው፣ እሷንም በሆዷ ያለውንም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንላካት ስንል ደግሞ በዚህ ሁኔታዋ የጣርማ በርን ዳገት አትችለውም አሉ። ከዚያ ቢሮ ሄጄ ጓድ ገሠሠን ምን እንዳለበት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። አንገቱን ይዤ ነበር፣ ሰዎች አላቀቁን። እውነቱን ነው፣ አያውቅም።

ስለዚህ ትናንት ስልክ ቤት ሄድኩ። በሰጡኝ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሳው ሰው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። ሁለተኛው «ወጥተዋል» አለ። ሦስተኛው ስምዎን ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ፣ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ሠርቶ አያውቅም» ብሎ ዘጋው። ስልክ ቤት የምትሠራው ልጅ አየችኝና ዓይኗን ወደ መዝገቧ መለሰች። ምን ማለት እንደሆነ እሷም ገብቷታል፣ እኔም ልጅ አይደለሁም። ግን እንደሌሉ ቆጥሬ መጻፍ አልችልም። ለሌለ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ነው? ስለዚህ አሉ። ቤትዎ ተኝተዋል፣ ወይ ጎረቤት ተደብቀዋል፣ ወይ ከአለቃዎ ጋር ተጣልተው ሥራ ትተዋል። እንዲያ ነው የሆነው።

ይቺን ለፀጋዬ ሰጥቼዋለሁ። ያለ ጭነት፣ የትም ሳይቆም እወጣለሁ ብሎ ምሎልኛል፣ ስምንት ሰዓት ሳይሆን በርዎ ላይ ይደርሳል። በሩ ዝግ ቢሆንበት ለጎረቤት፣ ጎረቤት እምቢ ቢለው ለሰፈሩ ልብስ ሰፊ እንዲያነብላቸው ነግሬዋለሁ። ይቺን የሚያነቡት እርስዎ ካልሆኑ ደግሞ፣ እናንተ የምታነቡት፣ ማንም ሁኑ፣ ከጋሼ ደምመላሽ ጋር የሠራችሁ፣ ከእሱ የሰማችሁ፣ ደብዳቤ የምትከፍቱትም ብትሆኑ፣ ከፍታችሁ አሽጉ፣ ግድ የለኝም፣ ግን የዱቄቱን ስም ታውቁታላችሁ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ብለውኛል። እኔም ይቅርታ ብያለሁ። ይቅርታውን ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን። ለምን እንደጨመራችሁት አልጠይቅም፣ ማን እንዳዘዘም አልጠይቅም። የምፈልገው የዱቄቱን ስም ነው። አንድ ቃል። ሲስተር አመለወርቅ ሁለት መርፌ አፍልተው፣ ሁለት መድኃኒት ጎን ለጎን አስቀምጠው እየጠበቁ ነው።

የጤና ጣቢያው ስልክ ከተበላሸ ወር ሆኖታል። ስልክ ቤት ይደውሉ፣ ሸዋ ሮቢት ይበሉ፣ ፈሪሃን ይበሉ፣ አግዳሚው ላይ ነኝ። ልጅቷ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትዘጋለች። ለምኛት ጀንበር እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ ብላለች፣ ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊ ነው፣ እሷም ልጆች አሏት። ሰይዳ አሁንም መስኮቱን ክፈቱ እያለች ነው። ሳይመሽ ይደውሉ።